በአባዬ ትራክ ላይ ያሰርነው መብራት

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ወጥቼ ወደ ቤቴ ወደ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ስመለስ፣ ሃይዌዩ ላይ አንድ ፒካፕ ከኋላዬ መጥቶ ተለጠፈብኝ። ጣሪያው ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ የኤልኢዲ መብራት አለው፤ ላይት ባር የሚሉትን ነው። ሰው በሚሄድበት መንገድ ማብራት ክልክል መሆኑን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፣ ጥጋብ ነው። መስታወቶቼ ሁሉ ነጭ ሆኑ። እኔ ደግሞ መሪ ስይዝ አፌ ክዳን የለውም፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እስከ ሰባት ትውልዱ ስድብ አወርድበት ነበር። ያን ዕለት ግን ዳር ያዝኩና አሳለፍኩት። ከዚያ እዚያው ቆሜ፣ ሞተሬን እንኳ ሳላጠፋ፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

አባዬ ትዝ ብሎኝ ነው። እኔና እሱም እንዲህ ያለ መብራት በገዛ እጃችን ትራኩ ላይ አስረን ነበር።

ያኔ ሃያዎቹን ጀምሬአለሁ። ብሉሚንግተን ውስጥ የመኪና ዕቃ መሸጫ እሠራለሁ፣ የምኖረው ከእናቴና ከአባቴ ጋር ነው። ባል የለኝም፣ እጮኛ የለኝም፣ ይሄ ነገር ደግሞ አባዬን ያሳስበው ነበር። አፍ አውጥቶ አይናገርም እንጂ የሰው ሰርግ ሄዶ ሲመለስ ዝም ይላል። ዝምታው ይገባኛል፤ ያበሽቀኛልም።

አባዬን ሰው የሚያውቀው ጋሽ በላቸው ብሎ ነው። አዲስ አበባ ሳለ የመኪና ኤሌትሪሺያን ነበር። እዚህ ከመጣ በኋላ ሆቴል ጥገና ክፍል ሠርቶ ጡረታ ወጣ፤ የቀረው ሕይወቱ ግን ያ ግራጫ ትራክ ነው። ከፊቱ የበረዶ መግፊያ ያለው አሮጌ ፒካፕ። በረዶ በጣለ ቁጥር መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያናችንን ፓርኪንግ ይጠርጋል፣ ቀጥሎ የየመበለቶቹን ደጅ ይዞራል። እሑድ እሑድ ደግሞ አሮጊቶቹን ከየቤታቸው እየለቀመ ወደ ጉባኤ ያመጣል። እነሱ ከኋላ ተጠጋግተው መዝሙር ይዘምራሉ፣ እሱ ከፊት ሆኖ ድምፃቸውን ይነቅፋል። «በላቸው ባይኖር እኛ እኮ በበረዶ ተቀብረን ነበር» ይሉታል። እሱም «ኧረ ተዉ» ይላል፣ ግን ደስ ይለዋል። በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ፣ ሰው የሚፈልገው ሽማግሌ መሆን ቀላል ነገር አይደለም።

በዚያው ዓመት ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር አባዬ የትራኩ መብራት ደከመ ማለት ጀመረ። አምፖሎቹን ለወጥንለት፤ አልረካም። የመብራቱ ፕላስቲክ ሻግቶ ይሆናል ብሎ በጥርስ ሳሙና ሲፈትገው ዋለ፤ ጋራዡ ሁሉ ናና ናና ሸተተ። አሁንም «ጨለማ ነው» አለ። የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ዕለት ደግሞ የአንዷን መበለት ሜይልቦክስ፣ መንገድ ዳር የቆመውን የፖስታ ሳጥን፣ ከነእንጨቱ ገጭቶ ጣለው። «በረዶ ሸፍኖት ነው» አለ። በማግስቱ አዲስ ተከለላት፤ እሷም እንኳን ተገጨልኝ፣ ይሄኛው ያምራል አለችው። ነገሩ በዚሁ አለፈ።

ከዚያ ነው ላይት ባሩን ያሰበው። «አንቺ የዕቃ ቤት ሰው አይደለሽ? ደህናውን ምረጪና አምጪ» አለኝ። አመጣሁ። ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡን ዘግተን፣ ትንሿን ማሞቂያ እግራችን ሥር ለኩሰን ሥራ ጀመርን።

ያ ቀን እስከ ዛሬ ከነሽታው አለ። እማዬ ቤት ውስጥ የዱባ ወጥ እየሠራች ስለነበር በር በተከፈተ ቁጥር የበርበሬው ሽታ ከግሪሱ ጋር ይደባለቃል። ዝንጅብል የበዛበት ሻይ ደጋግማ ታመጣልናለች፣ «አሁንም አልጨረሳችሁም? ለአውሮፕላን ነው እንዴ መብራቱ?» እያለች። እኔ መሰላል ላይ ቆሜ ማሰሪያውን ከጣሪያው ጋር በቡለን አጠብቃለሁ፤ አባዬ ከታች የኤሌትሪኩን ሥራ ይዟል። ሽቦውን ከባትሪው አንስቶ በፊውዝ አድርጎ ወደ ውስጥ ሲያስገባው፣ እጁ ሞተሩ ሥር ገብቶ ብቻውን ነበር የሚሄደው። የሽቦ ልባስ በጥርሱ ይልጣል፣ ጫፉን በጣቶቹ ይገምዳል፣ ፊቱ ወደ ሌላ ነው። አንዳንዴ «ቀዩ የቱ ነው?» ይለኛል። የሚፈትነኝ መስሎኝ «ስንት ዓመት አስተምረኸኝ ቀይ ሊጠፋብኝ?» ብዬ እስቅበታለሁ። እሱም ይስቃል።

በዚህ አገር ዊንተር ፀሐይ ሥራ እንዳላት ሰው ቶሎ ነው የምትሄደው። ጨርሰን ትራኩን ወደ ደጅ ስናወጣው ገና ከሰዓት ነው፣ ግን መሽቷል። አፍንጫውን ወደ ጋራዡ አድርገን አቆምነው። እኔ ውስጥ ገባሁ፣ አባዬ ከትራኩ ፊት ቆሞ ወደ ላይ ወደ መብራቱ አንጋጠጠ። «በይ!» አለኝ። ማብሪያውን ተጫንኩ።

እንዴት ያለ ብርሃን መሰላችሁ! የጋራዡ በር ነጭ ሆነ፣ የጎረቤት ዛፍ ቅርንጫፉ ተቆጠረ። «ጌታ ይመስገን!» አለ አባዬ፣ እጁን እያጨበጨበ። ከዚያ ጭብጨባውን አቆመ። «ግን በዚህ በኩል ሞቷል» አለ፣ በግራ እጁ እያመለከተ። «ግማሹ አልበራም።»

ወርጄ አየሁ። ዓይኔን በመዳፌ ከልዬ ነው ያየሁት፣ ያቃጥላል። ከጫፍ እስከ ጫፍ በርቷል።

«አባዬ፣ በርቷል እኮ።»

«የቱ? ያኛው?» ብሎ አንገቱን ወደ ግራ አዞረ። «አሃ፣ አሁን በራ!» ፊቱን መለሰ። «ጠፋ።» እንደገና አዞረ። «በራ። አየሽ? ኮንታክቱ ላልቷል። ይበራል ይጠፋል። የላላ ሽቦ ምልክቱ ይሄ ነው፤ ወጥተሽ አጥብቂው።»

እኔ መብራቱን አላየሁም፤ እሱን ነበር የማየው። ያን ሁሉ ብርሃን ዓይኑን ሳያርገበግብ ትኩር ብሎ ያየዋል። አንገቱ ሲዞር ይበራል፣ ሲመለስ ይጠፋል። መሰላሉ ላይ ወጣሁና መፍቻውን ይዤ አንድ የጠበቀ ቡለን እንደገና አጠበቅኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ?  

ወደ ቤት ስገባ እማዬ ወጥ እያማሰለች ነው። በጆሮዋ ነገርኳት። ማማሰያውን አስቀመጠች እንጂ አልደነገጠችም። ይሄ ነው ያስደነገጠኝ።

«ከፋሲካ ወዲህ በግራው በኩል ያለውን ወጥ አይነካም» አለችኝ። «መጀመሪያ የጠላው መሰለኝ። በኋላ ገባኝ። ትሪው ሲቀርብ ሥጋውን ወደ ቀኙ እገፋለታለሁ።»

ያን ሁሉ ጊዜ አብሬ በልቻለሁ፣ አንድ ቀን ልብ አላልኩም። በጣም አዘንኩ፤ ለእሱም፣ ነገሩን ብቻዋን ለያዘችው ለእማዬም። «ታዲያ ይንገረው እንጂ አንድ ሰው! እሑድ እነዚያን አሮጊቶች ጭኖ ሊሄድ ነው። በግራው በኩል ልጅ ቢሻገርስ? እኔ እነግረዋለሁ» አልኳት።

«አንቺ? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። አባትሽ ፊት ቆመሽ ዓይንህ ጠፍቷል ልትዪው ነው? እሺ አይልሽም። እሺ ቢልም ይሰበራል።»

«ቁልፉን ልደብቀዋ!»

«አባትሽን ልጅ ልታደርጊው? በሕይወት እያለሁ አይሆንም» አለች እማዬ። ከዚያ እጇን በፎጣ ጠርጋ ስልኳን አነሳች። «እሱ ስንት ቤት ሽማግሌ ሆኖ ሄዷል። ለእሱም ሽማግሌ ይላክበታል።»

እውነቷን ነው። አባዬ ያላስታረቀው ባልና ሚስት፣ ያልለመነው የሴት ልጅ አባት በዚህ ከተማ ጥቂት ነው። ሽማግሌ ሆኖ ሲሄድ ደንቡን ያውቃል፤ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም። ወንበር ቢሳብለት፣ ሻይ ቢቀርብለት፣ ቆሞ ነው የሚለምነው። «ተቀምጦ የሚለምን ሰው የቸገረው አይመስልም» ይል ነበር።

እማዬ የደወለችው ለጋሽ ሰይድ ነው። ጋሽ ሰይድ ወሎዬ ናቸው፣ ሌክ ስትሪት ላይ የቅመማ ቅመም ሱቅ አላቸው፣ ከአባዬ ጋር በአንድ ዘመን ነው እዚህ አገር የገቡት። በሃይማኖት ቢለያዩም እኛ ስንጾም እሳቸው፣ እሳቸው ሲጾሙ እኛ እየተጠነቀቅን ነው ያደግነው። ነገሩን ሲሰሙ «ወላሂ፣ ይሄንን ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰማው ከእኔ ይስማው፣ እኔ ልሙትለት» አሉ። ለመጪው ቅዳሜ ቀጠሩ።

ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ! እማዬ ጉልበቴ ብላ ተኛች፤ እሑድ አባዬ እሷን ጥሎ መሄድ አቃተው፣ አሮጊቶቹን ሌላ ሰው አመጣቸው። እሱ እግሯን በቅባት እያሸ «ሐኪም ቤት ካልወሰድኩሽ» ይላል፣ እሷ ደግሞ በመኪና መቀመጥ ያመኛል ትላለች። እግዜር ይስጠው፣ በረዶ አልጣለም። ግን ለእሑዱ ትልቅ በረዶ ይመጣል ተባለ። አባዬ በየቀኑ ወጥቶ ትራኩን ያያል፣ መግፊያውን ግሪስ ይቀባል፣ መብራቱን አብርቶ ያጠፋል።

ቅዳሜ ደረሰ። እማዬ «እንግዳ ስለሚመጣ ሰው መስለሽ ቆዪ» አለችኝ፣ የሐበሻ ቀሚሴን ለበስኩ። በሩ ሲንኳኳ አባዬ ነው የከፈተው። ጋሽ ሰይድ ከፊት፣ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ከኋላ። ሦስቱም ከካፖርታቸው ሥር ሙሉ ሱፍ ለብሰዋል፤ ቦት ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በካልሲ ምንጣፉ ላይ ተደረደሩ።

«ኧረ ግቡ! ምነው ሳትደውሉ? ቁጭ በሉ እንጂ!»

«አንቀመጥም በላቸው» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ለጉዳይ ነው የመጣነው።»

አባዬ ሱፋቸውን አየ። እኔን አየኝ፣ ቀሚሴን አየ። ከዚያ ፊቱ ላይ የሆነውን ነገር እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? በራ። ያኔ ነው የገባኝ። ያላገባች ልጅ ያለችበት ቤት፣ ቅዳሜ ቀን፣ ሱፍ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች «አንቀመጥም» ሲሉ ሌላ ምን ይመስላል? ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ይሄን አላሰበም። እማዬን አየኋት፤ እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

አባዬ ኮሌታውን አስተካከለ። በደንቡ ቢሆን አይሰጥም፤ ዘመድ ላማክር ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ያመላልሳል። ሰዉን ሁሉ እንደዚያ ሲያስተምር የኖረው እሱ ነው። ግን ደስታው ቀደመው።

«የማን ልጅ ነው ብዬ አልጠይቃችሁም» አለ። «ሰይድ፣ አንተ ቤቴ ቆመህ የለመንከኝን እምቢ ብዬ የት እገባለሁ? እሷ ከወደደች እኔ ሰጥቻለሁ። ሰጥቻለሁ! በሉ ቁጭ በሉ!»

ማንም አልተቀመጠም። ጋሽ ሰይድ ምንጣፉን እያዩ ነበር። ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንደኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«በላቸው፣ ወንድሜ» አሉ ጋሽ ሰይድ። «የመጣነው ለልጅህ አይደለም።»

«ታዲያ?»

«የትራኩን ቁልፍ ልንለምንህ ነው።»

«ቁልፍ?» አለ። «የትራኩን?» እማዬን አያት፣ እሷ አቀረቀረች። ወደ እኔ ዞረ፤ አንገቱን ወደ ግራ ሙሉ ለሙሉ አዙሮ ነው ያገኘኝ። እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

 ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ፣ «ኮንታክቱ አልነበረም ማለት ነው» አለኝ።

«አልነበረም አባዬ።»

ራሱን ነቀነቀ። ኤሌትሪሺያን ነው፤ ብልሽቱ የት እንዳለ ሲነገረው አይከራከርም።

ጋሽ ሰይድ ወደ እሱ ቀረብ አሉ። «ስማኝ። ሰጥቻለሁ ያልከው ነገሩ ሌላ መስሎህ ነው። በዚያ አንይዝህም። ቃልህን አንሳ፤ እኛም ወጥተን እንደገና እናንኳኳለን፣ እንደ አዲስ እንለምንሃለን። እስክትፈቅድ ድረስ እንቆማለን።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለ አባዬ። እጁን ሱሪ ኪሱ ውስጥ ከተተና ቁልፉን አወጣ። ለእሳቸው ይሰጣል ብዬ ስጠብቅ በቀኝ እጁ የእኔን እጅ ያዘና መዳፌ ውስጥ አስቀመጠው፣ ጣቶቼን አጠፈልኝ። «ሰጥቻለሁ ብያለሁ። ሰጥቻለሁ። አሁን ቁጭ በሉ፤ እግራችሁን በረዳችሁ።»

ተቀመጡ። እሱ መጨረሻ ተቀመጠ። እማዬ ምግብ አቀረበች፣ ማንም መብላት አልቻለም። «ብሉ እንጂ! ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?» አለ። ጋሽ ሰይድ ጠቅልለው አጎረሱት፤ አፉን ከፍቶ ተቀበለ፣ እንባው ወረደ። ሌሎቹም አለቀሱ። አባዬ ሲያለቅስ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

እሑድ ጠዋት የተባለው በረዶ መጣ። ከመኝታ ክፍሌ ስወጣ አባዬ ወፍራም ጃኬቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን ደፍቶ በሩ ሥር ቆሟል። «ተነሺ፣ ሰው መውጫ አጥቷል» አለኝና ሄዶ በተሳፋሪው በኩል ገባ። በዚያ በኩል ሲገባ ያየሁት ያን ቀን ነው። በረዶ መግፋት አላውቅበትም ነበር። «ዝቅ አድርጊ። ቀስ። እዚህ ጋ ሣሩ ሥር ድንጋይ አለ፣ ከፍ አድርጊ» እያለ የየሰዉን ደጅ በቃሉ አስነዳኝ። ላይት ባሩን ባዶው ፓርኪንግ ውስጥ ስናበራው ሁለታችንም ስለ ግራው ጎን አንድ ቃል አልተነፈስንም።

ሐኪሙ በኋላ ግላኮማ ነው አለ። የዓይን ግፊት ነርቩን ሲበላው ኖሯል። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታ ማቆየት ይቻላል ተባለ። ቆየለትም። እስከ ሞተበት ድረስ በዚያች በቀረችው ብርሃን መጽሐፍ ቅዱሱን አነበበ፣ የልጄን ፊት አየ። የእውነቱ ሽማግሌዎች ለእኔ በመጡ ጊዜ ደግሞ ሲያመላልሳቸው ከረመ። «አንዴ ቸኩዬ ምን እንደሆንኩ አውቃለሁ» እያለ ይስቅ ነበር። ባሌ እስከ ዛሬ ይሄን ቂም አልተወም።

አንዳንድ ሰው ይሄን ሳወራ «ለዓይን ሕመም ሽማግሌ?» ብሎ ይገረማል። እዚህ አገር እኮ ሐኪሙ ወረቀት ይጽፋል፣ መንጃ ፈቃድ ይሰረዛል፣ አለቀ። ትክክል ነው፣ እኔም አልቃወምም። ብቻ የተነጠቀ ሰውና የሰጠ ሰው አንድ አይደሉም። አባዬ ከዚያ ቀን በኋላ «መኪና መንዳት ከለከሉኝ» ብሎ አያውቅም፤ «ለልጄ ሰጠኋት» ነበር የሚለው።

ይሄ በሽታ በዘር ይሄዳል። በየዓመቱ ዓይኔን አስለካለሁ። ዘንድሮ ሐኪሟ ግፊቱ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ጠብታ እንጀምር አለችኝ። ቤት ገብቼ ኩሽና ውስጥ ሳህን ሳጥብ ብዙ ነገር አሰብኩ። ጋሽ ሰይድ አርጅተዋል፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች አልፈዋል። ልጄ ደግሞ የዚህ አገር ልጅ ናት፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን ታያለች።

«አንድ ቀን መኪና መንዳት የማይገባኝ ጊዜ ቢመጣ እንዴት ነው የምትነግሪኝ?» አልኳት።

ቀና ሳትል፣ በእንግሊዝኛዋ፣ ምን ችግር አለው፣ ዝም ብዬ እነግርሻለሁ አለችኝ።

«እሺ፣ ንገሪኝ» አልኳት። «ግን ቆመሽ ንገሪኝ።»